የባሕር ማዶዋ ልብስ ሰፊ

ሲወስዱኝ ግማሹ የተሰፋ የሸሚዝ እጅጌ የስፌት መኪናዬ ላይ ነበር። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ከአሠሪያችን ጋር ገቡና አንደኛው ስሜን ጠራ። "አቤት" አልኩ። አስተማሪ እንደጠራት ተማሪ ብድግ ማለቴ ዛሬም ይገርመኛል።

"ለትንሽ ጥያቄ ነው። ቦርሳሽን ተይው፣ ትመለሻለሽ" አለኝ።

ተውኩት። ደረጃውን ስንወርድ ከኋላዬ አንድም የስፌት መኪና ድምፅ አይሰማም። ያ ክፍል በሥራ ሰዓት ጸጥ ብሎ አያውቅም ነበር።

ጣቢያው ሩቅ ስላልሆነ በእግር ነው የሄድነው። በካቴና አላሰሩኝም፤ ግራና ቀኝ ሆነው ክንዴን ያዙኝ እንጂ። አርብ ስለነበር ከአንዋር መስጊድ የወጣው ሰው መንገዱን ሞልቶታል፤ በመሀሉ ተሸካሚዎች ጣቃ ጨርቅ በጀርባቸው ይዘው "ዞር በሉ" እያሉ ይሮጣሉ። አንዲት ሽንኩርት ቸርቻሪ አየችኝና "ምን ሰርቃ ነው?" አለች። አጠገቧ ያለችው "ልብስ ይሆናል" ስትል ሰማሁ። ዞሬ ላስረዳት ፈለግሁ። ግን ምን ብዬ ላስረዳ? ለምን እንደተያዝኩ ለእኔም የነገረኝ የለም።

የሴቶቹ ክፍል ከግቢው ጥግ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነበር፤ የበረኪና፣ የሽንትና ተጨናንቆ የተኛ ሰው ሽታ። ቀጥሎ ያየሁት እግር ነው። ሴቶቹ ግድግዳ ተደግፈው እግራቸውን ወደ መሀል ስለዘረጉ ወለሉ አይታይም። ከላይ አንዲት ጠባብ መስኮት አለች። በእሷ በኩል የምናለሽ ተራ መዶሻ ቀኑን ሙሉ ይገባል። ቆርቆሮና በርሜል የሚቀጠቅጡ ሰዎች መዶሻ ነው፤ ዕድሜ ልኬን የማውቀው ድምፅ። ከውስጥ ሆኜ ስሰማው ግን ሌላ ድምፅ ሆነብኝ። እኔ እዚህ ስገባ ውጭ ምንም የቆመ ነገር የለም ማለት ነው።

አንዲት ደልደል ያሉ ሴትዮ እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ሰጡኝ። ሰልባጅ በቦንዳ እያስመጡ የሚያከፋፍሉ ነጋዴ ነበሩ፤ ኮንትሮባንድ ነው ተብለው ነው የገቡት።

"በምንድን ነው የመጣሽው?" አሉኝ።

"አላውቅም፣ እትዬ።"

"አላውቅም ካልሽ ፖለቲካ ነው" አሉና ፎጣቸውን አጥፈው ከሥሬ አነጠፉልኝ። ሴቶቹ ሳቁ። ፖለቲካ የሚባል ነገር በቤታችን ተነስቶ አያውቅም።

በእርግጥ አንድ ነገር አድርጌ ነበር። በር እንዲከፈት ጠይቄ ነበር።

የምንሠራው አንድ የመርካቶ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሠሪያችን ልብስ ይሰረቅብኛል ብለው ስለሚሰጉ፣ ጠዋት ከገባን በኋላ የብረት በሩን በጓጉንቸር ቆልፈው ቁልፉን ይዘው ይወርዳሉ። ለምሳ ይከፈታል፤ ከምሳ በኋላ እንደገና ይቆለፋል። ያጉረመረመ ሰው አልነበረም፤ ሥራ ማለት እንዲህ ይመስለን ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የካውያው ገመድ ተቃጠለና እሳቱ ጨርቅ ላይ ያዘ። ትልቅ እሳት አልነበረም፤ በእርጥብ ጆንያ አፍነን አጠፋነው። ጭሱ ግን ክፍሉን ሞላው። ቁልፍ የያዘ ሰው እስኪመጣ በሩን ይዘን ስንጮህ፣ ካውያ የምትተኩሰው ጓደኛችን በመስኮት ወደ ጎረቤት ጣሪያ ዘለለች። ቆርቆሮው አልያዛትም። ሆስፒታል ልንጠይቃት ስንሄድ እግሯ እንደማይታዘዝላት ነገሩን።

በሳምንቱ ሥራ ስንጀምር አሠሪያችን እንደ ድሮው ቆለፉና ወረዱ። ጓጉንቸሩ ቀጭ ሲል ሁላችንም ቀና አልን። በእሳቱ ቀን ከደነገጥኩት ይልቅ በዚያች ድምፅ የደነገጥኩት ይበልጣል።

ከዚያ ነው ማኅበር እንመሥርት ያልነው። በአንድ የሠራተኞች ፌዴሬሽን ውስጥ የሚያገለግሉ አንድ ሽማግሌ ለጥቂት እሑዶች አስተማሩን። ሕጉ እንደሚፈቅድልን አንቀጹን እያነበቡ አሳዩን። የሌላውንም አገር አወሩልን። በአንድ አገር ሠራተኛ ሲታሰር በሌላው አገር ያሉ ማኅበራት ለዚያ መንግሥት እንደሚጽፉ፣ ዕቃው የሚሸጥበት ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆመው ገዢውን እንደሚያስረዱ፣ ጄኔቭ ላይ ደግሞ የሠራተኛ፣ የአሠሪና የመንግሥት ተወካዮች በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው እንደሚከራከሩ። ጨርቅ ቆራጯ ጓደኛችን ሰምታ ሰምታ "ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ እጅጌ ለምትሰፋ ሴት ነው?" አለቻቸው። ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ፤ ግን "አዎ" አሉ። እውነቱን ለመናገር ሽማግሌውን ስለምንወዳቸው ሰማናቸው እንጂ አላመንናቸውም።

እኔን ሰብሳቢ አድርገው መረጡኝ። የማኅበሩን ምዝገባ ጠየቅን። የተያዝኩት መልስ ሳይመጣ ነው።

መርማሪው ሸበቶ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። አልመታኝም። ይህን የምለው ለእሱ ብዬ ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው። ከሌላ ክፍል የሚመጣውን የሰው ድምፅ ግን እየሰማሁ ነበር የምመልስለት።

"ማን ነው የላከሽ?"

"ማንም አልላከኝም። በሩ ነው።"

"የትኛው በር?"

"የሥራ ቦታችን በር። ይቆለፍብናል።"

"ለአንድ በር ማኅበር አይመሠረትም። ከጀርባሽ ያሉትን ፀረ ሰላም ኃይሎች ንገሪኝ።"

ከጀርባዬ ማን እንዳለ አሰብኩ። ሥራ ላይ ከኋላዬ የምትቀመጠው፣ የጨርቅ ጠርዝ በኦቨርሎክ መኪና የምትሰፋው ልጅ ነበረች። እሷን ግን አልጠራሁም።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሰነበትን። ከዕለታት አንድ ጠዋት ሲያስጠራኝ ተቀምጦ አላገኘሁትም። ቆሞ ነበር። እንድቀመጥም አላለኝም።

"ምንድን ነሽ አንቺ?" አለኝ።

ጥያቄው አልገባኝም።

"በላይ ያሉት ኃላፊዎች ፋክሳችን ወረቀት ጨረሰ ይሉኛል። ከጃፓን ይመጣል፣ ከብራዚል ይመጣል፣ ስሙን ሰምቼው ከማላውቅ አገር ይመጣል። መርከብ ላይ የሚጭን፣ ባቡር የሚነዳ፣ አስተማሪ፣ ሁሉም የአንቺን ስም ይጠራል። ውጭ አገር አጎት አለሽ?"

"የለኝም።"

"ባል?"

"የለኝም።"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ሰው ከየት አመጣሽው?"

በሕይወቴ ከአዲስ አበባ ርቄ የሄድኩት ቡታጅራ ድረስ ነው፤ ለለቅሶ። ብራዚል ውስጥ ስሜን የሚጽፍ ሰው አለ መባሉ እውነት አልመስል አለኝ። የሽማግሌው ወሬ ትዝ አለኝ፤ ወጥመድ ነው ብዬም አሰብኩ። ቀና ስል ግን የእሱም ፊት እንደ እኔው ፈዟል። ተያየን። እኔና እሱ በአንድ ነገር ተስማምተን የምናውቅ ከሆነ ያን ዕለት ነው፤ ሁለታችንም ነገሩ አልገባንም።

ክፍሌ ተመልሼ ለቦንዳ ነጋዴዋ ነገርኳቸው።

"ብራዚል? እነዚያ ኳስ የሚጫወቱት?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"እነሱን ምን አገባቸው?" አሉና ትንሽ አሰቡ። "እኔ ስንት ዘመን የጀርመን ሰልባጅ ሳራግፍ ኖሬ ስታሰር አንድ ጀርመን የት ገባች አላለም።"

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። እኔም ከገባሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ።

ጥቂት ቀናት ቆይቶ አንዲት ሴት ሳጅን ሳሙናና አንድ ባልዲ ውኃ ይዛ መጣች። "ታጠቢ፣ እንግዳ አለሽ" አለችኝ። ነጋዴዋ ጸጉሬን ሹሩባ ሠሩልኝ። ሲጎነጉኑ ከወገባቸው በላይ ያለው ሰውነታቸው ሁሉ ይሠራል፤ ጭንቅላቴን ወዲያ ወዲህ ይገፉታል። "ቀና በይ፤ አንገት የሚደፋ ያጠፋ ሰው ነው" ይሉኛል። የጣቢያው አዛዥ አስጠርቶኝ ቢሮው ከመግባቴ በፊት በረንዳ ላይ አናገረኝ።

"ከውጭ አገር የሠራተኛ ድርጅት የመጡ እንግዶች ናቸው። የታሰርሽው ከአሠሪሽ ጋር ተጣልተሽ ነው። ደህና ነሽ። አስተርጓሚ አለ። ገባሽ?"

"ገባኝ" አልኩ።

ቢሮው ውስጥ ለስላሳ ተደርድሯል። አዛዡና መርማሪው አሉ፤ ክራባት ያሰረ አስተርጓሚ አለ። ፈረንጅ ፈለግሁ፤ የለም። መስኮቱ ሥር አንዲት አጭር ጠይም ሴት ተቀምጣለች። ረጅም ጨርቅ ተጠቅልላ ከላይ ወፍራም የወንድ ሹራብ ደርባለች፤ ብርዱ አልቻላትም መሰለኝ በካልሲ ላይ ነጠላ ጫማ አድርጋለች። ትምህርት ቤት ሂሳብ ያስተማሩኝን ህንዳዊት መሰለችኝ። እንግዳዋ ሌላ ናት፣ ይቺ አብራ የመጣች ናት ብዬ ጠበቅሁ። ሌላ ሰው አልመጣም።

"የልብስ ስፌት ሠራተኞችን የምትወክል ነች፤ ከባንግላዴሽ" አለኝ አስተርጓሚው።

ተነስታ ጨበጠችኝ፤ እጄን ግን አልለቀቀችም። ገለበጠችውና አየችው። የግራ ሌባ ጣቴ ላይ የመኪና መርፌ ጥፍሬን በስቶ የወጣበት ጠባሳ አለ። በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ የራሷን ጣት ከጣቴ ጎን አስጠጋች። እሷም ጋ እዚያው ቦታ ላይ ነው። አንድም ቃል ገና አልተለዋወጥንም።

ተቀመጥን። አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

"ጤናሽ እንዴት ነው እያለችሽ ነው" አለ አስተርጓሚው።

"ደህና ነኝ" አልኩ። ከዚያ የተባልኩትን ልል አፌን ከፈትኩ፤ ሌላ ነገር ወጣ። "የታሰርኩት በር እንዲከፈት ስለጠየቅን ነው። እሳት ተነስቶ በሩ ተቆልፎብን ነበር። ጓደኛችን ከመስኮት ወድቃ እግሯን አጥታለች።"

አዛዡ ወንበሩ ላይ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። አስተርጓሚው ሳይቸኩል ወደ ሴትየዋ ዞሮ ባማረ እንግሊዝኛ ተናገረ። እኔ እንግሊዝኛ አልችልም። "ኖ ፕሮብሌም" ግን አውቃለሁ። ከተናገርኩት ውስጥ "ኖ ፕሮብሌም" የቱ ጋ ነው? ፊቱን አየሁት። ምንም አይነበብበትም፤ እንደ ታጠበ ሰሃን ነው።

ሴትየዋ ግንባሯን ቋጠረች። እንደገና ጠየቀች። አነጋገሯ የሂሳብ አስተማሪዬን ስለሚመስል ጆሮዬ ያዘው፤ "ፋየር" አለች። እሳት ማለቷ ነው።

"ምግቡስ ይስማማሻል ወይ ትላለች" አለኝ አስተርጓሚው።

ደነገጥኩ። በሥራ ሰዓት ተይዤ፣ ሌባ ተብዬ፣ የሰው ጩኸት እየሰማሁ ተመርምሬ እንዲያ አልደነገጥኩም። ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ ክራባት አስሮ፣ ዐይን ዐይኔን እያየ ቃሌን ሌላ ሊያደርገው ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም። ብናገር ያው ነው፤ የምናገረው ሁሉ በእሱ አፍ ነው የሚያልፈው።

ተነሳሁ። ወደ ቢሮው በር ሄድኩና ዘጋሁት። በእጄ ጓጉንቸር እንደማስገባ አደረግሁ፤ ቁልፍ አዞርኩ፤ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ከዚያ ሁለት እጄን ከወለሉ ወደ ላይ እንደ ነበልባል አነሳሁ። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ አሳልኩ። በሩን ገፋሁ፤ አልከፈት እንዳለኝ ሰው ገፋሁ። በመጨረሻ መስኮቱን አሳየኋትና እጄን ከላይ ወደ ታች ጣልኩት።

"ተቀመጪ" አለኝ አዛዡ። ድምፁን አላነሳም።

አልተቀመጥኩም። ሴትየዋም ተነሳች። አጠገቤ መጣችና በዘጋሁት በር ፊት ቆመች። በሁለት መዳፏ በሩን መታችው። ዝግ ብላ፣ ደጋግማ። ውጭ ያለው ዘብ ከፍቶ ሊገባ ሲል አዛዡ በእጁ መለሰው። እሷ መምታቱን ትታ መዳፎቿን በሩ ላይ እንደለጠፈች ቀረች። ዞራ አየችኝና "ማይ ሲስተር" አለች። ይሄንን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም፤ ቀጥላ የተናገረችው ግን አልገባኝም።

ያኔ ነው ከኋላዬ የአስተርጓሚውን ድምፅ የሰማሁት። ያ ያማረው ድምፁ አልነበረም።

"እህቷ ናት" አለ በአማርኛ። "ፋብሪካ ውስጥ በር ተቆልፎባት ነው የተቃጠለችው።"

መርማሪው ዞሮ አየው። አስተርጓሚው አዛዡንም መርማሪውንም አላየም፤ ወለል ወለሉን ነው የሚያየው። ከዚያ በኋላ ሴትየዋ የተናገረችውን አንድ በአንድ ነገረኝ። እንዴት አወቅሽ ብትሉኝ፣ የምትናገረውን ያህል ነበር የሚናገረው፤ ስታቆም ያቆማል።

ከልጅነቷ ጀምሮ ሸሚዝ እንደምትሰፋ ነገረችኝ። እህቷ ከሞተች በኋላ ማኅበር ሲመሠርቱ እሷም ታስራ ነበር። የሰፋችው ሸሚዝ በሚሸጥበት አገር ሴቶች ሱቁ ደጃፍ በዝናብ ቆመው፣ ወደ ውስጥ የሚገባውን ሰው ሁሉ የቤታችሁ በር በውጭ ይቆለፋል ወይ ብለው ጠየቁ። አንድ ወደብ ላይ ደግሞ ጫኞች ኮንቴይነሩን አናወርድም አሉ። ከወራት በኋላ የፋብሪካዋ በር ተከፈተ፤ እሷም ተፈታች።

"ከታሰርኩበት ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ የረሳኝ ይመስለኝ ነበር ትላለች" አለ አስተርጓሚው። "አሁን ወደ አንቺ የመጣሁት ተራዬ ስለደረሰ ነው ትላለች።"

አዛዡ ሰዓቱ አልቋል አለ። ሴትየዋ ስትወጣ ጣቴን አንድ ጊዜ ያዝ አድርጋ ለቀቀችው። አስተርጓሚው ከኋላዋ ወጣ። ከዚያ በኋላ ምን እንደደረሰበት አላውቅም። ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ።

ክፍሌ ስገባ ነጋዴዋ "ፈረንጆቹ ምን አሉ?" አሉኝ።

"ፈረንጅ አይደለችም፣ እትዬ። ባንግላዴሽ ናት። ልብስ ሰፊ ናት።"

"ለልብስ ሰፊ ብሎ ነው አዛዡ ግቢ ያስጠረገው?" አሉ። ነገሩን ከነገርኳቸው በኋላ ግን አልቀለዱም። ሹሩባዬን እንደገና ማስተካከል ጀመሩ።

ከዚያ ወዲያ መርማሪው የጠራኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። ጠረጴዛው ላይ የተዘጋጀ የይቅርታ ጥያቄ ነበር። የውጭ ኃይሎች አሳስተውኝ ሕዝብን እንዳሳሳትኩና ይቅርታ እንደምለምን ይላል።

"ፈርሚና ዛሬ ቤትሽ ትገቢያለሽ" አለኝ።

ቤቴ መግባት ፈልጌ ነበር። እናቴ በየቀኑ ስንቅ ይዛ በር ላይ እንደምትቆም አውቃለሁ። እስክሪብቶውን አንስቼ አነበብኩት፤ እስከ መጨረሻው።

"በሩ እንዲከፈት መጠየቄ ወረቀቱ ላይ የለም" አልኩት።

"እሱ ምን ያደርጋል?"

"ሌላ ያደረግሁት ነገር የለም። እሱን ጽፋችሁ ጥፋት ነው ካላችሁ እሱ ሥር እፈርማለሁ።"

አየኝ። የሚናደድ መስሎኝ ነበር፤ አልተናደደም፤ ደክሞት ነበር። እስክሪብቶውን ከደንኩና ወረቀቱ ጎን አስተካክዬ አስቀመጥኩት። ያን ቀን ከእሱ በላይ የደነገጥኩት እኔ ነኝ፤ ያ ንግግር ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

ተጨማሪ ሳምንታት ታስሬ በዋስ ተለቀቅሁ። ዋስ የሆኑኝ የቦንዳ ነጋዴዋ ነበሩ፤ ቀድመውኝ ወጥተው ነበር። ጣቢያው በር ላይ ቆመው ሳገኛቸው "ነይ፣ ያጠፋ ሰው ይመስል አትደበቂ" ብለው በመርካቶ መሀል ክንዴን ይዘው ወሰዱኝ። ክሱ ተመሠረተም ተዘጋም ሳይባል እንዲሁ ቀረ። ሥራዬን ግን አጣሁ። ማኅበሩ በኋላ በሌላ ሰብሳቢ ተመዘገበ፤ የብረቱም በር በሥራ ሰዓት ክፍት መሆን ጀመረ። ካውያ ትተኩስ የነበረችው ጓደኛችን ዛሬ በክራንች ትሄዳለች። ለእሷ የደረሰላት የለም፤ ይህንንም መናገር አለብኝ። ባሕር ማዶ ያለ ሰው የወደቀን ሰው ማንሳት አይችልም።

አሁን ሌላ ቦታ እሠራለሁ፤ እዚያም ማኅበር አለን። አልፎ አልፎ ከፌዴሬሽኑ መልእክት ይመጣል፤ የሆነ አገር የሆነ ሠራተኛ ታስሯል፣ ጻፉ የሚል። ባለፈው ሳምንት የመጣው ስለ አንድ የወደብ ጫኝ ነበር። የአገሩን ስም ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም፤ ደሴት ነው አሉ። የማኅበራችን ጸሐፊ፣ የእኔው እኩያ ሴት ናት፣ መነጽሯን አድርጋ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠችና ቆም አለች።

"እነዚያ ሰዎች ያውቁናል እንዴ?" አለችኝ።

"አያውቁንም" አልኳት።

መነጽሯን አስተካከለች። ከዚያ የጫኙን ስም መጻፍ ጀመረች።